ሊኪታ እና የእናቷ ደብተር

አንቺዬ፣ ስሚኝማ! ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ሊኪታን ታውቂያት የለ? እዚሁ ቴናሊ ከተማ፣ ቦዩ ዳር ሰማያዊው ቤት ያለችው፣ የደራሲዋ ልጅ። እሁድ የእናቷ ሙት ዓመት ነው። እሷ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ እህል አልወርድላት ብሏል።

ለምን መሰለሽ? አባቷ በራሪ ወረቀት አሳትሞ ከተማውን አዳረሰዋ! «የደራሲ ሃይማቫቲን የመጨረሻ ታሪክ፣ ከራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ልጇ ሊኪታ ታነባለች» ይላል። ገበያ ስትወጣ ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር «ልንሰማሽ እንመጣለን፣ የኔ ልጅ!» ትላታለች። አክስቷም የእናቷን አረንጓዴ ሳሪ አውጥታ ከሥሩ የሚለበሰውን ሸሚዝ በልኳ አስጠበበችላት። 

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ሊኪታ የእናቷን ቋንቋ፣ ቴሉጉን፣ ማንበብ አትችልም።

ስታወራማ ማን ያስቆማታል! ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። ሌላ ቋንቋ ምረጪ ስትባልም ሳንስክሪት ወሰደች፣ እሱ ላይ ማርክ ይዘንባላ። ከአውቶቡስ ላይ የምታነበው ቁጥሩን ብቻ ነው። ለቅሶው ላይ ግን የእናቷ አንባቢዎች «መጽሐፎቿን አንብበሻል አይደል?» ሲሏት፣ «ሁሉንም» ብላ አረፈች። በቃ፣ ገባችበት።

ሐሙስ ከትምህርት መልስ ማስታንቢን የቤታቸው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ይዛት ወጣች። ማስታንቢ የሳሪውን ሸሚዝ ያጠበበው ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ የተማረችው በቴሉጉ ነው። በተሰጣው በርበሬ መሃል ተቀምጠው ማስታንቢ የሊኪታን እናት ደብተር ታነባለች፣ ሊኪታ የምትሰማውን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋለች።

«እናትሽን በእንግሊዝኛ ፊደል? ጉድ እኮ ነሽ!»

«ዝም ብለሽ አንብቢ። ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ እደብቀዋለሁ።»

«እሁድ እኮ አክስትሽ አጠገብሽ ናት፣ ታይሻለች።»

«መነጽሯን ሁሌ ቤት ነው የምትረሳው፣ አታስቢ።»

ታሪኩ ሩዝ ጥዳ፣ በእንፋሎት ድስቱ ፉጨት መሃል ስለምትጽፍ ሴትዮ ነው። ቁርጥ እናቷን! ሁለቱም እየሳቁ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ የማስታንቢ ጣት መስመሩ ላይ ቆመ።

«ምነው?»

«ጉሮሮዬ ደረቀ።»

«ምራቅሽን ዋጥ አድርጊና ቀጥዪ!»

ማስታንቢ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች። «ሴትዮዋ ደብተሯን ደብቃ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ትተወዋለች። እንድታገኘው የምትፈልጋት ልጇ ግን ማንበብ አትችልም። የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቱን የመረጠችላት እናቲቱ ራሷ ናት፤ ማንን ትቆጣ?»

የሊኪታ እስክሪብቶ ቆመ። ደብተሩ ትዝ አላት። ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በጨው ከተዘፈዘፈው ማንጎ ማሰሮ አጠገብ፣ ሁሌ ክፍት። ስንቴ ሳህኗን ለማስቀመጥ ገፋ አድርጋዋለች!

አሁን ይቺን ዓረፍተ ነገር ሰው ፊት ቆማ፣ ከተደበቀ ወረቀት እያየች፣ የምታነብ መስላ ትናገራት? እሺ እውነቱን ብትናገርስ? «የደራሲዋ ልጅ ፊደል አታውቅም» ሲባል አባቷ የት ይገባል? ወዲህም ግድግዳ፣ ወዲያም ግድግዳ።

«እስከ እሁድ ስንት ገጽ ታስተምሪኛለሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ገጽ? ህልም አለ! ግማሽ። እሱንም እየተንተባተብሽ።»

ሊኪታ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደችው። ከዛ ወርዳ አባቷ ፊት ቆመች። አባቷ የእናቷን ፎቶ መስታወት እየወለወለ ነበር።

«አባዬ፣ የእማዬን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ዋሽቼ ነው። ግማሽ ገጽ እኔ ላንብብ፣ የቀረውን ማስታንቢ ታንብብልኝ።»

አባቷ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

«በራሪ ወረቀቱ ተበትኗል እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ፎቶውን አየ። «እናትሽ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

አባቷ መስታወቱን መወልወሉን ቀጠለ፣ የጸዳውን ቦታ ደጋግሞ። እሺ ይሁን እምቢ አልገባትም።

ደረጃው ላይ ማስታንቢ ትጠብቃታለች። «ቢስቁብኝስ?» አለቻት ሊኪታ። ማስታንቢ የመለሰችላትን አንዲት ቃል ሳልጨምር ልንገርሽ፦

«ይሳቁ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ጣቴን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር አደርግልሻለሁ፤ አንቺ ጣቴን ብቻ ተከተዪ።»