የቢሻው ቢጫ

ቢሻው ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ብሩሹ ከቀኝ እጁ ሁለት ስንዝር ርቆ ወድቋል። ከበላዩ፣ በዱር አበባ የማር አምራቾች ዩኒየን ግድግዳ ላይ፣ ሊጽፈው የጀመረው ስም ተንጠልጥሎ ቀርቷል፦ «ዱር አበባ የማ»። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ዓመት አልሞላም። ሌሊቱን ቦንጋን ሲደበድብ ያደረው ዝናብ አባርቶ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ኢንስፔክተር ላቀች ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሃያ ዓመት በፖሊስነት የኖረች፣ አጠር ያለች፣ ሳትቸኩል የምትናገር ሴት ናት።

«ያሳዝናል፤ ግን ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሀብተሥላሴ ሰዓታቸውን እያዩ። «አዳለጠውና ወደቀ። ነገ ከአዲስ አበባ ገዢዎች ይመጣሉ። ሬሳው ይነሣ፤ መዝገቡም ይዘጋ።»

«ሬሳው ሐኪም ካየው በኋላ ይነሣል» አለች ላቀች ቀና ሳትል። «መዝገቡን ግን እርስዎ አልከፈቱትም፤ እርስዎም አይዘጉትም።»

«ለአለቃሽ እደውላለሁ!»

«ቁጥሩን ልስጥዎት?»

ላቀች የሟቹን ጫማ ገልብጣ አየች። ሶሉ ላይ ቀይ ጭቃ ተለጥፏል። የመሰላሉን መርገጫዎች ከታች እስከ ላይ ዳበሰቻቸው፤ አንድም የጭቃ ምልክት የለባቸውም። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ጽሑፉን አየች። ሌሎቹ ፊደላት የጫካ ማር የሚመስል ጠቆር ያለ ቢጫ ናቸው። የመጨረሻዋ «ማ» ግን ወደ ብርቱካን ታደላለች።

ሐኪሙ ብዙ አልቆየም። «ከኋላ በጠባብ ብረት ተመትቷል» አላት። «እዚህ ለስላሳ ጭቃ ላይ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ እንዲህ አይሰነጠቅም።»

ዘበኛው በዚያ ጠዋት ወደ ግቢው ከሠራተኞቹ ሌላ የገባው ቀለም ነጋዴው ካሚል ብቻ ነው ብሎ ማለ። ካሚል ከሱቁ ተጠርቶ መጣ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ቢጫና ቡናማ አመጣሁለት። በር ድረስ ሸኝቶኝ ተሰናበትን፤ ዘበኛው ምስክሬ ነው» አለ። «አላህ ይማረው፣ እንደ እሱ አስቸጋሪ ደንበኛ የለኝም። አንዴ 'ያው ነው፣ ውሰደው' ብዬ ሌላ ቢጫ ብሰጠው፣ 'ካሚል፣ ያው የሚባል ቢጫ የለም' ብሎ መለሰልኝ።»

«ቀይስ ሸጠህለታል?»

«ለእሱ? በጭራሽ! ለግቢው የእሳት ማጥፊያ ባልዲዎች አንድ ጣሳ ቀይ ሰጥቻለሁ። ስቶር ነው ያለው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ጥያቄውን ቆመው መለሱ። ጠዋቱን ሙሉ ከጸሐፊያቸው ጋር ደብዳቤ ሲያስጽፉ እንደነበር ጸሐፊዋም አረጋገጠች።

«ትናንት ግን ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃችኋል» አለች ላቀች።

«አዎ፣ ተጨቃጭቀናል! ቀለማችን ሰማያዊ ይሁን፣ ዘመናዊ ነው አልኩት። ሰባት ዓመት አንድ ቢጫ! በታፔላው፣ በማሩ ክዳን፣ በመኪናው በር፣ በጋወኑ ሁሉ። እምቢ አለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«'ማሩን የሚያመጡልን እናቶች ስማቸውን አይጽፉም። ፊርማቸው ይህ ቀለም ነው፤ ፊርማ ደግሞ በየዓመቱ አይቀየርም' ብሎ።»

የስቶሩ ኃላፊ ከፈለኝ ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ሰው ነው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። የስቶሩ ቁልፍ ከእሱ በቀር በማንም እጅ የለም። የስቶሩ ጀርባ በር ከመሰላሉ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ከጣራው ቆርቆሮ መሐል ለብርሃን ተብሎ አረንጓዴ ላስቲክ ስለገባበት፣ ውስጡ የቆመ ሰው ፊቱ የታመመ ይመስላል።

«ወንድሜ ነበር» አለ ከፈለኝ። «ቀለሙን እዚሁ ቀላቀለና ወጣ። ጠብታውን እዩት፣ ይኸው። ቆይቼ ስወጣ ወድቋል።»

«እዚሁ፣ ስቶር ውስጥ ነው የቀላቀለው?»

«እዚሁ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

የሟቹ ሚስት አስካለማርያም ቤቷ ውስጥ በለቀስተኞች መሐል ተቀምጣለች። ከፊቷ የዩኒየኑ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ። ሞቱ የሥራ ላይ አደጋ ነው ብላ እንድትፈርም ከሥራ አስኪያጁ የተላከ ነው።

«ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው መሰላል ላይ ነው፤ አይወድቅም» አለች። «አልፈርምም። ቢፈልጉ ከዩኒየኑ ቤት ያስወጡኝ።»

«አትፈርሚ» አለቻት ላቀች። «ቀለም የት ነበር የሚቀላቅለው?»

«ፀሐይ ላይ! ሦስት እጅ ቢጫ፣ አንድ እጅ ቡናማ። ዝናብ ቢሆን እንኳ እስኪያባራ ይጠብቃል እንጂ ቤት ውስጥ አይቀላቅልም። ጣራ ሥር ቀለም ይዋሻል ይላል።» ተነሥታ ከአልጋው ሥር የማር ባልዲ አወጣች። «ረቡዕ ዋጫ ገበያ ሁለት ገዝቶ መጣ። ቅመሺው፤ ግማሹ ስኳር ነው። 'ክዳኑ የእኛ ነው፣ ቀለሙ ግን የእኛ አይደለም፤ ይህን የቀባ ሰው ግቢያችን ውስጥ ነው' አለኝ። የአንዱን ክዳን ይዞ ነው ዛሬ የወጣው፤ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ ብሎ።»

ላቀች ክዳኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ወደ ብርቱካን ያደላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ስቶሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ተዘጋ። ላቀች ሁለት የተቀቡ ጣውላዎች አነሣች።

«አቶ ካሚል፣ ሙያው ያንተ ነው። ልዩነት አላቸው?»

ካሚል ተጠግቶ አየ። «የላቸውም፤ አንድ ናቸው።»

«ተከተሉኝ።»

ፀሐይ ላይ ሲወጡ አቶ ሀብተሥላሴ «እንዴ!» አሉ። አንዱ ጣውላ እንደ ጫካ ማር ጠቁሯል፤ ሌላው ቁልጭ ያለ ብርቱካን ነው።

«ይህን ወይዘሮ አስካለማርያም በቢሻው መጠን ቀላቀለችው። ያንን ደግሞ እኔ ቢጫውን በቀይ አጥቁሬ ቀባሁት» አለች ላቀች። «በአረንጓዴ ብርሃን ቀይ ጥቁር ይመስላል፤ ያታልላል። አሁን ግድግዳውን እዩ። ቢሻው መሰላሉን አልወጣም፤ ጫማው ጭቃ ነበር፣ መርገጫው ንጹህ። ከኋላ ተመትቶ ነው የሞተው። ከሞተ በኋላ ሥራ ላይ የወደቀ እንዲመስል አንድ ሰው ይህን 'ማ' ጻፈ። የቀሩት ፊደላት የትናንት ናቸው፤ ቢሻው የዛሬውን ቀለም ገና አልቀላቀለም ነበርና ያ ሰው ራሱ መቀላቀል ነበረበት። እንዳይታይ የስቶሩን በር ዘግቶ፣ እዚያ ያለውን ቀይ እንደ ቡናማ ቆጥሮ፣ በአረንጓዴው ብርሃን ቀላቀለ። ስኳር ያለበትን ማር በዩኒየኑ ስም ለመሸጥ የተቀባው የዋጫው ክዳንም የተበላሸው ልክ እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ነው። ቢሻው ስቶር ውስጥ ሲቀላቅል በዓይኔ አየሁ ያለኝም እሱው ነው።»

ሁሉም ወደ ከፈለኝ ዞሩ። ላቀች አልተጣደፈችም፤ ጠበቀችው።

«ክዳን ነው!» አለ ከፈለኝ በመጨረሻ። «ለአንድ ክዳን ብሎ 'ሄጄ ለገበሬው እናገራለሁ' አለኝ! ያው ነው፣ ማን ይለየዋል ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሲሰጠኝ የሚዛኑን ብረት...»

«እሱ ለየው» አለች ላቀች፤ እጁንም በካቴና አሰረችው።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አቶ ሀብተሥላሴ ወደ አስካለማርያም ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። የክዳኑ ወሬ ግን እዚሁ ይቅር። ገዢ ከሰማ ስማችን ይጠፋል።»

«ስማችንን የሸጠው ከፈለኝ ነው፤ የሚቀብረው ደግሞ ዝምታ ነው» አለች። «ባሌን ያስገደለው ይህን አልደብቅም ማለቱ ነው። እኔም አልደብቅም።»

ሞቱን ሰምተው የመጡ ማር አምራቾች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከበሩ ውጭ ቆመው ነበር። አስካለማርያም ወጥታ ክዳኑን ከፍ አድርጋ ያዘችና በቋንቋቸው በካፍኛ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከዚያ አንዲት አዛውንት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዘበኛውን አልፈው ገቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከስቶሩ ባልዲውን አንድ በአንድ እያወጡ ፀሐይ ላይ ደረደሩት። እውነተኛውን ክዳን በቀኝ፣ ሐሰተኛውን በግራ ለዩት።

አቶ ሀብተሥላሴ በሩ ላይ ተገትረው «ኧረ ተዉ! ነገ እንግዶች አሉብን!» ይላሉ።

አዛውንቷ አንድ ባልዲ በሥራ አስኪያጁ ደረት ላይ አስደገፉ።

«ይያዙ እንጂ» አሏቸው። «ውስጥ ገና ብዙ አለ።»