የካምፑ ወጥ ቤት

ቦርዱ ከፒካፑ ላይ ሲወርድ ተቅዋ ክው ብላ ቀረች። በነጭ ላይ በጥቁር፣ በትልልቅ ፊደል «የቀድሞው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የአያቷ ስም ተጽፏል፤ «ጠባቂ፦ ሃምሳ አለቃ ሸረፈዲን»።

«እንዴ! አያትሽ ታዋቂ ሊሆኑ ነው!» አለቻት የልብ ጓደኛዋ ሃይሚ በክርኗ እየነካቻት።

«ዝም በይ ሃይሚዬ፣ ጉዴ ፈልቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ እንጦጦ ሥር ያለው አሮጌ የጦር ካምፕ መኖሪያ መንደር እየሆነ ነው። ፎቆቹ የተሠሩት ከፈረሰው ግንብ ድንጋይ ነው፤ መብራታቸው ከጸሐይ፣ የአትክልታቸው ውሃ ከዝናብ። የጡረተኛ ወታደር ቤተሰቦች ቀድመው ስለገቡ ተቅዋም ከእናቷና ከአያቷ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቤቱን ወድዳዋለች። ጧት መስኮት ስትከፍት የባሕር ዛፍ ሽታ ክፍሏ ድረስ ይገባል።

ከድሮው ካምፕ ቆሞ የቀረው ሁለት ጭስ ማውጫ ያለው አንድ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። እሱም ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የመንደሩን ግንባታ የምትመራው ኢንጅነር ፈትለወርቅ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ «ይሄ ቤት ምን ነበር? ታሪክ ካለው አትርፈነው የጥናት ክፍል ልናደርገው እንችላለን» ብላ ጠየቀች። አያቷ ያኔ ደሴ፣ አክስቷ ጋ ነበሩ። ተቅዋ ግን መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ወጥ ቤት ነበር! አያቷም የወታደር ወጥ ሠሪ ነበሩ። ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። «አያቴ ወታደር ነበሩ» ትልና እዚያው ላይ ታቆማለች።

ያን ዕለት ምላሷ ቀደማት። መሣሪያ ማከማቻ ነበር፣ ይጠብቁት የነበሩት አያቴ ናቸው፣ ጭስ ማውጫዎቹም ባሩዱ እንዳይታፈን ነው አለች። ባሩድ! ከየት እንዳመጣችው አላህ ይወቀው። የመንደሩ ኮሚቴ አመናትና ቤቱ ተረፈ። ነገ ይመረቃል፤ ንግግር እንዲያደርጉ የተጋበዙት ደግሞ አያቷ ናቸው።

«አቦ ቺል በይ» አለች ሃይሚ ሁሉን ሰምታ። «ቀስ ብለሽ ለአያትሽ ንገሪያቸው። ግምጃ ቤት ነበር ይበሉ፣ አለቀ! እውነቱን ካወጣሽው ቤቱ ይፈርሳል፤ ክላስ ውስጥም ሙድ ነው የሚያዝብሽ።»

ምክሩ መጥፎ አልመሰላትም። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

አያቷ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው መስታወት ፊት ቆመዋል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት…»

«ቆይ ተቅዋዬ፣ ሳልረሳው! ንግግሬን ስሚና ፍረጂኝ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ እንግዶች! ያ ቤት ሁለት ጭስ ማውጫ ያለው ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምድጃ የኔ ነበር፣ አንዱ የጓደኛዬ የአስር አለቃ ተክለብርሃን፣ ነፍሱን ይማረው። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ድስት አይገባም። እኔ ለእስላሙ ቢስሚላሂ ብዬ፣ እሱ ለክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ እናርዳለን። ፉክክራችን ለጉድ ነበር! የኔ ወጥ ሸተተ ከተባለ እሱ ቅመም ይደግማል።»

ለብቻቸው ሳቁ።

«ሁዳዴ ሲገባ ግን የሱ ሰዎች ሥጋ ያቆማሉ። የኔዎቹም ‹ሽሮው ይሻለናል› ብለው አብረው ይሰለፋሉ። ያኔ አንዱን ምድጃ አጥፍተን፣ አንድ ትልቅ ድስት ጥደን እኔና ተክሌ እየተቀባበልን እናማስላለን። ጦሩ በሙሉ ከአንድ ድስት ይበላል። ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሲደሰት፣ እኛ ሁለታችን ወደየምድጃችን መመለሱ ይከፋን ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እንዴት ነው? ረዘመ እንዴ?»

እኚህን ሰው ነው ነገ ከዚያ ቦርድ ሥር አቁማ ውሸታም ልታስመስላቸው የነበረው። በራሷ አፈረች። በወጥ ሠሪነታቸው ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም አላፈረችም።

«አልረዘመም አባባ። አሁን መጣሁ።»

ድንጋዩ ቤት ስትደርስ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ ቦርዱን ለመስቀል ግድግዳውን ሊበሳ ነው። ኢንጅነር ፈትለወርቅ ከታች ሆና «ትንሽ ወደ ግራ» ትለዋለች።

«ኢንጅነር፣ ያስቁሙት! ዋሽቻለሁ። መሣሪያ ኖሮበት አያውቅም። ወጥ ቤት ነው፤ አባባም ወጥ ሠሪ ነበሩ። እንዳይፈርስ ብዬ ነው… ደግሞ ወጥ ቤት ማለት አሳፍሮኝ ነው።»

ፈትለወርቅ ቦርዱን አየች፣ ተቅዋን አየች። መናደዷ ያስታውቃል።

«በዚህ ቤት ምክንያት ከስንቱ ጋር እንደተሟገትኩ ታውቂያለሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውርደው» አለችው ሠራተኛውን። ከዚያ ወደ ተቅዋ ዞረች። «ይቆይ ይፍረስ የሚለውን ብቻዬን አልወስንም። ኮሚቴው ነገ ሁሉም ይመጣል። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

ሃይሚ ከኋላ እጇን ጎተተቻት። እንሂድ፣ የቀረውን ኢንጅነሯ ትወጣው ማለቷ ነው። ተቅዋ ግን አልተነቃነቀችም።

«እርስዎ አይንገሯቸው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ቤት ስትመለስ አያቷ ኮታቸውን እየሰቀሉ ነበር።

«አባባ፣ ነገ ከእርስዎ በፊት እኔ ልናገር ነው።»

«አንቺ? ምን ልትይ?»

«መጀመሪያ ዋሸሁ እላለሁ። እሱን አሁን ስነግርዎት ይቆጡኛል። ቀጥዬ ግን… የወጥ ሠሪው የልጅ ልጅ ነኝ እላለሁ።»

አያቷ ትክ ብለው አዩዋት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«በይ» አሉ፣ «ከውሸቱ ጀምሪ።»