እንቅልፍ የተከለከለው ማሽን

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ማመን የማይፈልግ አይመን፤ ለመለማመጥ ትዕግስት የለኝም።

ታይናን ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እኔና አለቃዬ ጋሼ ኩዎ ድምፅ መቅጃ ክፍላችን ውስጥ ነን። ማይኩ ፊት አባባ ሉ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአሻንጉሊት ቴአትር ድምፅ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገ ጠዋት ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ... ድምፃቸውም አብሮ ይሄዳል።

ቀረጻው ግን ይንጣጣል። ጠሽ... ጠሽ...

«የመቅጃ ማሽኑ ፕሮሰሰር በየመሃሉ እያንቀላፋ ነው» አልኩ። «ኃይል ቆጣቢውን ላጥፋው።»

«ተይ አንቺ ልጅ! ትንሽ ቢያርፍ ምን አለበት?»

«ፕሮሰሰር ነው ጋሼ፣ አክስትዎ አይደለም።»

አጠፋሁት።

ጋሼ ኩዎ አጉረመረሙና ማሽኑ አናት ላይ ያለውን አረንጓዴ የችፕስ ከረጢት አቃኑ። እዚህ አገር መሐንዲሱ ሁሉ ማሽን እንዲታዘዝለት ይህን ይጭንበታል። አይከፈትም፣ አይበላም። የተማረ ሰው ለችፕስ ሲሽቆጠቆጥ ማየት ያቅለሸልሻል።

ደግሞም ርቦኝ ነበር። ጋሼ ኩዎ ወጣ ሲሉ ቀድጄ በላሁት።

ቀረጻው ጥርት አለ። አባባ ሉም እስከ መጨረሻው ተረኩ።

አንድ ነገር ብቻ... ዓይናቸውን አንዴም አላርገበገቡም።

«ደከመዎት አባባ?»

«ኧረ ምንም... ዓይኔ ነው እምቢ ያለኝ።»

ሲሄዱ ማሽኑን አጠፋሁ። ማራገቢያው ግን መዞሩን ቀጠለ። «ቆሻሻ ዕቃ» ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት ስልክ ተደወለ። ልጃቸው ሹ-ቺን ናት፤ ከሆስፒታል፣ በሹክሹክታ።

«አባዬ አይተኛም።»

«ምን ማለት?»

«ሌሊቱን ሙሉ አልጨፈነም። ማደንዘዣ ሰጡት... ደገሙት... ዝም ብሎ ያየናል። ከዚህ በላይ ልቡ አይችልም አሉ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ሥራ ቦታ በረርኩ።

ማሽኑን አስነስቼ ኃይል ቆጣቢውን መልሼ አበራሁት።

ስክሪኑ «ጠፍቷል» ይላል።

ደግሜ አበራሁት። «ጠፍቷል።»

ገመዱን ነቀልኩት።

ማራገቢያው ይዞራል...

ጋሼ ኩዎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተቀደደውን ከረጢት አይተው ቆመዋል።

«በላሽው?»

«ርቦኝ ነበር።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከመሳቢያ አዲስ ከረጢት አውጥተው ሰጡኝ።

«በራስሽ እጅ።»

አስቀመጥኩት። በሁለት እጄ አቃናሁት... እኔ፣ ችፕስ!

ማራገቢያው ቀጥ አለ።

ስልኩ ውስጥ ሹ-ቺን አለቀሰች። «ተኛ... እሰይ፣ ተኛ...»

ልስቅ ስል ጋሼ ኩዎ ክንዴን ያዙኝ። ወደ ማሽኑ አናት ጠቆሙኝ።

ያልተከፈተው ከረጢት በስልኩ ከሚሰማው የአባባ ሉ ትንፋሽ ጋር እኩል ቀስ ብሎ ተነፋ... ቀስ ብሎ ሟሸሸ።

ተነፋ... ሟሸሸ።

ከዚያ ቆመ።

እንደገና እስኪነፋ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናየዋለን...