ከእኔ በፊት የደወለው

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ሻትል ስነዳ ስንት ዓመቴ፣ ባዶ ወንበር ላይ ሰው አየሁ የሚል ሾፌር፣ እገሌ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሴትዮ ታለቅሳለች የሚል ሾፌር፣ ስንቱን ሰምቻለሁ፣ ሁሉንም "እንቅልፍህን ጨርሰህ ና" እያልኩ ስስቅባቸው የኖርኩ ነኝ፣ እናቴ እንኳ ያየችውን ሕልም ስትነግረኝ ጆሮዬን አልሰጣትም ነበር። አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ይሄ ሰውዬ ትንሽ ነካ አድርጎታል ብትሉኝ አልፈርድባችሁም፣ እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጄ ከሜሮን ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ እሷ አሥራ ስድስት ዓመት እንደሞላት፣ ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ከተከራየነው ቤት ወጥተን ጎረቤት ከተማ ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ቤት ገዛሁ። ሚስቴን አልማዝን አማክሬያለሁ፣ ባንኩን አማክሬያለሁ፣ ቀለም የሚቀባውን ሜክሲካዊ ሳይቀር አማክሬያለሁ፣ ልጅቷን ግን አላማከርኳትም። ትምህርት ቤት ልትቀይር መሆኑን የነገርኳት ዕቃ የሚጭነው ትራክ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው። "ማንም አልጠየቀኝም" አለችኝ በአማርኛ፣ ሜሮን ደግሞ ከእኔ ጋር አማርኛ የምታወራው ወይ ስትለምነኝ ወይ በጣም ስትናደድ ነው። እኔም ቱግ ብዬ ነበርና "የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ይጠየቃል?" አልኳት።

ልብሷን በሁለት ፌስታል ጠቅጥቃ እዚያው ፓርክ ሂል የሚስቴ እህት ዘነበች ቤት ገባች፣ ትምህርቷን ከዚያ ሆና ቀጠለች፣ እኔን ማናገር አቆመች። ሁለት ወር ሙሉ። ስደውል ዘነበች ታነሳና "ሻወር ላይ ናት" ትለኛለች፣ ልጅቷ በዚያ ሁለት ወር የታጠበችው ዕድሜ ልኳን ይበቃታል። እንዲህ እያልኩ እቀልዳለሁ እንጂ ውስጤ አሮ ነበር። አዲሱ ቤት ውስጥ የእሷ የተባለው ክፍል ፍራሹ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፣ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ሆድ ይብሰኛል፣ ይቺ ልጅ በዚሁ ሄዳ ልትቀርብኝ ነው እያልኩ እፈራ ነበር።

በዚያ ሰሞን ታዲያ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች በከተማው የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ድምፅ ይስጡ የሚል ቅስቀሳ ተነስቶ ነበር፣ ሜሮንም ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እዚያ ሄዳ ለመራጮች ስልክ እንደምትደውል ከዘነበች ሰማሁ። አማርኛ የሚችል ሰው ጠፍቷቸዋል ስትለኝ ለቅዳሜ ከሰዓት በነጻ ላገለግል ተመዘገብኩ። በሐሳቡ አምኜ እንዳይመስላችሁ። ረቡዕ ብሄድ ጥላኝ ትወጣለች፣ ቅዳሜ ሠርቼ ስሜን መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ብታየው ግን ትንሽ ልቧ ይራራ ይሆናል ብዬ ነው።

ቢሮው ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ድሮ ላውንድሪ የነበረ ቤት ነው፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ባለገመድ ስልክ፣ የሚነበብ ጽሑፍ፣ ታትሞ የሚሰጥ የስም ዝርዝር፣ ደግሞ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል የማሞቂያ ቧንቧ። ኃላፊዋ ሊንዳ የምትባል ሳቂታ ፈረንጅ ናት። ከእኔ ጎን የሚቀመጡት ጋሽ ተስፋልደት ናቸው፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ዴንቨር ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ለትግርኛ ተናጋሪዎቹ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። "ለልጅ ድምፅ? ነገ ቤቴን ሊሸጡት ነው?" ብሎ ይዘጋብኛል፣ "አንተ ራስህ ልጅ የለህም እንዴ?" ይለኛል። አንዷማ ሃያ ደቂቃ ረግማኝ መጨረሻ ላይ የምርጫ ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ማን ያነብልዎታል ብላት "ልጄ ናት፣ እሷ ታነብልኛለች፣ ክቡን እሷው ታጠቁራለች፣ እኔ እፈርማለሁ" አለችኝ፣ ሳቄን አፍኜ ዘጋሁ። ግን የእኔ ቤትስ? እኔም ከዜግነቴ ወዲህ የፈረምኩትን ሁሉ ያነበበችልኝ ሜሮን አይደለችም እንዴ? ይህን ሳስብ ሳቁ ጠፋብኝ።

እንግዲህ አራተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። በረዶ እየጣለ ነበር፣ ቢሮው ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሊንዳ ያን ቀን ጠዋት ያተመችውን አዲስ ዝርዝር ሰጠችኝ፣ አሥራ አራት ስም፣ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ። የመጀመሪያዋን ደወልኩ፣ "ጤና ይስጥልኝ" ከማለቴ ሴትየዋ "አንተ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ደውለህ እሺ አላልኩህም እንዴ?" አለችኝ። ሌላ ሰው ይሆናል እሜቴ አልኳት። "በዚሁ ድምፅ ነው፣ በዚሁ ሳል ነው" አለችና ሳቀች፣ ጉንፋን ይዞኝ ስስል ነበር ያን ቀን። ሊንዳን ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ሰጥተሽዋል ወይ ብላት፣ አሁን ከፖስታው አውጥቼ የሰጠሁት ለአንተ ነው፣ ሌላ አማርኛ የሚችልም የለንም አለችኝ። እኔም የሴትየዋ መርሳት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛው ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ነው፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። "ወንድሜ፣ ቅድም ጨርሰናል እኮ፣ ድምፄን እሰጣለሁ ብዬሃለሁ" አለኝ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በል ከልጅህም እግዜር ያስታርቅህ" አለኝ። ስለ ልጄ ማን ነገረህ አልኩት። "አንተ ነሃ" አለኝ፣ እንደ መቆጣትም ቃጣው።

ሦስተኛዋ እማማ የምትሉዋቸው ዓይነት አሮጊት ናቸው። "ልጄ፣ ቅድም ቀስ ብለህ ስታጫውተኝ ቆይተህ አሁን ምን አስቸኮለህ?" አሉኝ። ምን አልኩዎት እማማ ስላቸው "በአሥራ ስድስት ዓመትዎ ምን ይፈልጋሉ ብሎ የጠየቀዎት ሰው ነበር ወይ አልከኛ፣ እኔም ማንም አልጠየቀኝም አልኩህ፣ ሁለታችንም አለቀስን" አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከሚነበበው ጽሑፍ ላይ የለም፣ እመኑኝ፣ ገልብጬ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚያ እማማ ቀጠሉና "ያ የሚያንኳኳው ነገር አሁንም አልተሠራላችሁም?" አሉኝ። ቧንቧው ከኋላዬ ቋ፣ ቋ እያለ ነበር።

አራተኛው "ከአሥር ደቂቃ በፊት" አለኝ። አምስተኛው ስልክ ተይዟል። ጠብቄ ስደውል ሰውየው "ምነው፣ አሁን ዘጋህ አይደል? እጄን ከስልኩ ላይ ሳላነሳ" አለኝ። ጋሽ ተስፋልደትን ዞር ብዬ ሳያቸው ስልካቸው ተዘግቶ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ልብ በሉ፣ ከእኔ በፊት የሚደውለው ማንም ይሁን ማን፣ በዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው፣ እኔም እየደረስኩበት ነው። ወረቀቱን ወደ ታች አየሁት። አሥራ አራተኛው ስም ዘነበች ነው፣ ልጄ ያለችበት ቤት።

ያኔ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። መንፈስ ይሁን፣ ቀልደኛ ይሁን፣ እሱ አልነበረም የጨነቀኝ፣ በእኔ ድምፅ ልጄን ምን ሊላት ነው የሚለው ነው። አንድ ክፉ ቃል ብቻ ቢላት አበቃልኝ። መካከል ያሉትን ሁሉ ዘልዬ የዘነበችን ቁጥር መታሁ። ተይዟል። ደግሜ መታሁ፣ ተይዟል። ያ ጥት፣ ጥት የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣም፣ ዘግቼ እመታለሁ፣ ዘግቼ እመታለሁ፣ ጋሽ ተስፋልደት በመካከሉ ኮታቸውን ደርበው ወደ ውጭ ሲወጡ በዓይኔ ጫፍ አየኋቸው፣ በዚህ በረዶ ወዴት ነው አላልኳቸውም።

ሃያ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ጠራ፣ ያነሳችውም ሜሮን ናት። "አባዬ? ምነው፣ ረስተህ ነው?" አለችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ድምፅዋን መስማቴ ነው፣ አልቅሳ አፍንጫዋ ታፍኗል። እኔን ሳትጠብቅ ቀጠለች። "ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም? ኦል ዚስ ታይም፣ አባዬ። አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ ጀስት ላይክ ሚ፣ እነሱ አሥራ ስምንት ብለው ጻፉህ፣ አባትህ ደግሞ ቆሞ እያየ ዝም አለ። ከዚያ ሹራቡን አውልቆ አለበሰህ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ለካስ ቆሜ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ውስጥ የለም። ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ወንድ ልጅ ለውትድርና አምጡ ባለ ጊዜ አባቴ ታላቅ ወንድሜን ደብቆ እኔን አቀረበኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣ መኪናው ላይ ልወጣ ስል የራሱን ሹራብ አለበሰኝ። ወንድሜም አባቴም ሞተዋል። የሞተ አባትን ማማት እየመሰለኝ ለአልማዝ እንኳ አልነገርኳትም፣ በሕይወቴ ከአፌ ያላወጣሁት ነገር ነው።

"ይቅርታ ስትለኝ ሰምቼህ አላውቅም ነበር" አለችኝ። "እኔም ይቅርታ። የጠየቅከኝንም እሺ ብያለሁ፣ የዚያን ቀን የትም ብሆን እመጣለሁ።" የቱን ቀን? ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እኔ አይደለሁም የደወልኩት ብላት ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ይቅርታ ምን ሊሆን ነው? "እሺ ልጄ" አልኳት።

ጋሽ ተስፋልደት በረዶ ትከሻቸው ላይ ይዘው ተመለሱ። ለምን ወጡ ጋሼ አልኳቸው። በሐዘኔታ ነው ያዩኝ። "ከልጅህ ጋር እያለቀስክ ስታወራ አጠገብህ ተቀምጬ ልስማህ እንዴ?" አሉኝ። እኔ ነኝ ያወራሁት? "አንተ ነሃ፣ ስለ አባትህ ስትነግራት ነው የተነሳሁት" አሉኝ። ጉንጬን ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። እሳቸው ግን የሚቀልዱ ሰው አልነበሩም፣ ነፍሳቸውን ይማርና እስኪሞቱ ድረስ ያችን ቃላቸውን አንድም ቀን አልለወጧትም። በማግስቱ ዘነበች ቤት ሄጄ የደዋይ ቁጥር የሚያሳየውን ሳጥን አየሁት፣ ከቢሮው ስልክ ሁለት ጥሪ መጥቷል፣ በሁለቱ መካከል ሃያ ሁለት ደቂቃ አለ።

ሜሮን በዚያው ሳምንት ቤቷ ገባች፣ የፍራሹን ላስቲክ ራሷ ቀደደችው። ትምህርት ቤቷን አልቀየረችም፣ ጠዋት ጠዋት ከኦሮራ ፓርክ ሂል የማደርሳት እኔ ነበርኩ፣ በመንገድ ላይ የተጫወትነውን ያህል ከእሷ ጋር ከዚያ በፊት በነበረው አሥራ ስድስት ዓመት አልተጫወትንም። አንድ ነገር ልወስን ስል ጠይቄያት ነው፣ ቅስቀሳው ባይሳካም እኛ ቤት ግን ድምፅ አላት። ደስተኞች ነን፣ እውነቴን ነው። ብቻ አንዳንዴ ዝም ብላ ስታየኝ ያቺ "የዚያን ቀን" ያለችኝ ትመጣብኛለች።

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ በራሴ መኪና ኤርፖርት አደረስኳት። ሻንጣዋን አውርጄ፣ ከአሁን ወዲያ መቼ አገኛታለሁ ብዬ፣ ጨክኜ "ሜሪ፣ ያን ቅዳሜ በስልክ የጠየቅኩሽ ነገር..." አልኳት።

"አባዬ፣ ሁለተኛ አናነሳውም ብለህ አስምለኸኝ የለ?" አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። ከዚያ እኔ እሷን ሕፃን ሳለች አደርጋት እንደነበረው ኮሌታዬን አስተካክላ አቀፈችኝ፣ ጀርባዬንም መታ መታ አደረገችኝ።

"ቀኑ ገና ነው" አለችኝ በጆሮዬ፣ "አትፍራ።"