ቤት የቀየረችው ወፍ

«ፊደሎቹን ጠጋ ጠጋ አድርጊያቸው» አሉ መምህር ዳምጠው ከሰገን ትከሻ በላይ ጎንበስ ብለው። «የሰገን እጅ ጽሑፍ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!»

ሰገን ማርከሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዘጠነኛ አንደኛ ስትወጣ የኖረች ልጅ፣ ዛሬ ከሌላ ሰው ሥዕል ሥር ስም ጸሐፊ ሆና ቁጭ! ሥዕሉ የክፍል ጓደኛዋ የሳሚራ ነው። ሐሙስ ወልድያ በሚከፈተው የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ ቆማ የምታስረዳውም ሳሚራ ናት። መርሳ ካለው ትምህርት ቤታቸው የሚሄደው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እሱም ይሄው ነው። ሰገን የእጅ ጽሑፏን ታዋጣለች፤ ቻርቱንም አብራ ሄዳ ትይዛለች። እንዲያው ለወጉ ያህል።

ሥዕሉ ደግሞ አያምርም እንዳይባል ያምራል። አንዲት ቡናማ ወፍ ሽቦ ላይ አርፋለች። ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ነው፤ ከዓይኗ በላይ ደግሞ እንደ ቅንድብ የተሳበ ነጭ መስመር አላት። ሰገን እስኪያማት ድረስ አየችው። ቀናች። ለስሜቱ የተሻለ ስም ብትፈልግለትም አላገኘችም። ቅናት ነው፣ አለቀ።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ወፏ ብርቅ አለመሆኗ ነው። ከሩቅ ጫካ የመጣች ብትሆን እኮ ደግ ነበር! በየቀኑ የክፍላቸው መስኮት ላይ የምታርፍ፣ የዳቦ ፍርፋሪ የምትለቅም ወፍ ናት። ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ድንቢጥ» እያለ ነው የኖረው። መስከረም ላይ ከግራና የመጣች፣ ገና የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ በቅጡ ያልለየች ልጅ፣ ሳሚራ፣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ይቺ ድንቢጥ አይደለችም» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ሰገንም ስቃለች፤ እንዲያውም ቀድማ።

«በምን አወቅሽ?» አሉ መምህር ዳምጠው።

«ማሽላ ስንጠብቅ ነዋ፣ ቲቸር። ወንጭፍ ይዤ ማማ ላይ ነው ያደግኩት። ግሪሳ ከመጣ ምሕረት የለም፣ ድንጋይ ነው። ድንቢጥም ትባረራለች። ይቺ ግን ሁለት ሦስት ሆና መጥታ ከሥር የሳሩን ፍሬ ነው የምትለቅመው። አባቴ ‹ቅንድባሟን ተያት፣ ለእሷ ድንጋይ አታባክኚ› ይሉኝ ነበር።»

መምህር ዳምጠው ከቤተ መጻሕፍት ጀርባው የተገነጠለ የወፎች መጽሐፍ አመጡ። ገጽ በገጽ ሲገልጡ ቅንድባሟ ቁጭ ብላ ተገኘች። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሚራ «የወፎቹ ልጅ» ተባለች። ሰገን ደግሞ ዕድሜ ልኳን በእነዚያ ወፎች አጠገብ እያለፈች ቅንድባቸውን ሳታይ የቀረች ልጅ ሆነች። ይህን ማንም አላላትም፤ ራሷ ናት ለራሷ ያለችው።

«ከሳይንሳዊ ስሟ የፊተኛው የወገኗ ነው፤ እንደ ቤተሰብ ስም ቁጠሩት» አሉ መምህሩ ዛሬ ያንኑ መጽሐፍ ሰገን ፊት እያስቀመጡ። «ሁለተኛው የግሏ ነው።»

ሰገን እንዳለ ገለበጠችው፦ ሴሪነስ ትሪስትሪያተስ።

«ኧረ ነፍ ነው!» አለች ሳሚራ እጇን አጨብጭባ። «እጅሽን አላህ ይባርከው፣ ሰገንዬ!»

«ምንም አይደል» አለች ሰገን። የሳቀው ጥርሷ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ሰገን እናቷ የቋጠረችላትን ድርቆሽ ይዛ ወደ ሲሪንቃ ሄደች። አጎቷ አብርሃም እዚያ የእርሻ ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራው የማሽላ ሙከራ ማሳዎቹን መከታተልና የትኛው ወፍ ምን ያህል እንደሚበላ መመዝገብ ነው። እንግዲህ ለእሱ ካልተማረሩ ለማን ይማረሯል? ሰገን ገና ሳትቀመጥ ዘረገፈችው። ሳሚራን፣ ወፏን፣ ጭብጨባውን። በስልኳ ያነሳችውን የሥዕሉን ፎቶም አሳየችው።

አብርሃም ድርቆሹን እየቆረጠመ ጽሑፉን አነበበና ሳቀ። «ወፏስ ልክ ናት፤ ልጅቷ ዓይን አላት። ስሙ ግን አርጅቷል።»

«ደግሞ ስም ያረጃል እንዴ?»

«ድሮ ወፍ የሚመደበው ላባና ምንቃር እየታየ ነበራ። ኋላ ዲኤንኤዋን ሲመረምሩት፣ ለካ አብረዋት ከተመደቡት ብዙዎቹ የቅርብ ዘመዶቿ አይደሉም! ከዚያ ቤት አወጧትና ሌላ ቤት አስገቧት።» የመመዝገቢያውን ዝርዝር ገልጦ በጣቱ አሳያት። «ይኸው፣ ክሪታግራ ትሪስትሪያታ። የግል ስሟ ጫፉ ትንሽ ተስተካከለ እንጂ ተከትሏት ሄዷል።»

«ከጎኑ በቅንፍ ያለው ስምስ?»

«መጀመሪያ አይቶ ለሳይንስ ያሳወቃት ጀርመናዊ ነው። ቅንፍ ውስጥ የገባው እሷ ቤት ስለቀየረች ነው። መቶ ቤት ብትቀይር ግን የእሱ ስም አይነጠላትም።»

ሰገን ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ወደ መርሳ ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ በሁለት ወፍራም ሴቶች መሃል ተጣብቃ፣ በደስታ ልትሞት ደረሰች። ሐሳቡ ራሱ ነው የመጣላት። ዳኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ነው የሚመጡት፤ ያውቁታል። ሳሚራን «ስሟ ማን ነው?» ይሏታል። እሷ አሮጌውን ትናገራለች፤ እነሱ ፊታቸውን ይቋጥራሉ። ያኔ ቻርት ለመያዝ ብቻ የሄደችው ሰገን ከቦርሳዋ አዲሱን ጽሑፍ መዠረጥ! «ይቅርታ፣ ትክክለኛው ይሄ ነው» ትላለች። አዳራሹ በሙሉ ያያታል። ማንም ደግሞ ሊወቅሳት አይችልም፤ አሮጌውን የገለበጠችው መምህሩ ከሰጧት መጽሐፍ ነው።

እሑድ ከአባቷ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደህና ወፍራም ወረቀት መርጣ አዲሱን ስም ጻፈች፤ ቅንፉን ሳትረሳ። በሕይወቷ እንደዚያ አሳምራ ጽፋ አታውቅም።

ማክሰኞ ሳሚራ ባዶ ክፍል ውስጥ ልምምድ ስታደርግ ሰገን ፊቷ ተቀምጣ አዳመጠቻት። ሳሚራ ወፏን ስትገልጽ ጥሩ አድርጋ ነው፤ ስሙ ጋ ስትደርስ ግን ምላሷ ይያዛል።

«ሴሪ... ሴሪነስ... ወይኔ! እንዲህ ነው አይደል ሰገን? ልክ ነው? አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ከማማ የወረድኩ ልጅ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ።»

ይሄኔ መናገር ይቻል ነበር። ጊዜው ነበር፣ ሰው አልነበረም፣ ወረቀቱም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«ልክ ነው» አለች ሰገን።

«በቃ አንቺ ካልሽ አልፈራም!»

ሐሙስ ጠዋት ወልድያ ሲደርሱ አዳራሹ በተማሪ ተሞልቷል። ከየወረዳው የመጣው ሁሉ ጠረጴዛ ይጎትታል፣ ፕላስተር ይለማመናል። መምህር ዳምጠው ስማቸውን ሊያስመዘግቡ ሄዱ። ሳሚራ ቻርቱን ግድግዳው ላይ እየሰቀለች ሳለ አንድ ረዘም ያሉ፣ ጥምጥማቸው የነጣ ሰው በበሩ ገብተው ዓይናቸውን አንከራተቱ።

«አባቴ!» ሳሚራ ጮኸች። «ከግራና እስከዚህ መጡ?»

«ልጄ ስታወራ ላልሰማ ነው?» አባቷ ዛኪር ግንባሯን ስመው ወደ ሰገን ዞሩ። «ሰገን አንቺ ነሽ? እሷ ቤት ስትመጣ ካንቺ ሌላ ወሬ የላትም። የፈረንጁን ስም የጻፍሽላት አንቺ ነሽ አሉ። አላህ ያክብርሽ፣ ልጄ።»

«እንደምን አደሩ» አለች ሰገን።

ሽማግሌው ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩት፤ ነጩን ቅንድብ በጣታቸው ሊነኩ ቃጥተው ተዉት። «ይገርማል። እኔስ ስሟንም አላውቀው፤ ድንጋይ እንዳያገኛት ብቻ ነበር የማውቀው» ብለው ከኋላ ካለው አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ።

የሰገን ፊት ጋለ። ዳኞቹ ሦስት ጠረጴዛ ርቀት ላይ ናቸው፤ አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት መምህርት ከፊት ሆና ትጠይቃለች። ሰገን ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱ እዚያው ነው፣ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። አሁን አውጥታ «ውይ፣ ገና አሁን አገኘሁት!» ብትል ሳሚራ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ታመሰግናታለች። ቀላል ነበር። ደግሞ ሌላ ውሸት ነበር።

«ሳሚራ» አለች። «ስሙ አሮጌ ነው። ወፏ ሌላ ወገን ውስጥ ገብታለች። ትክክለኛው ይሄ ነው።»

ሳሚራ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ዓይኗ ፈጠጠ። «ወላሂ? መቼ አወቅሽ?»

«ቅዳሜ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ያለፈው። ማክሰኞ ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር።» «ዳኞቹ ፊት ላወጣው ነበር። ቀንቼብሽ ነው።»

ይቺ ልጅ «አብሽር፣ አይዞህ» የማትለው ሰው አልነበረም። እስክሪብቶ የጠፋበትን፣ ፈተና የወደቀውን፣ ኳስ ያመለጠውን ሁሉ «አብሽር» ስትል ነው የምትውለው። ሰገን ቃሉን ጠበቀችው። አልመጣም። ሳሚራ ወደ አግዳሚው፣ ወደ አባቷ አየች። ከዚያ ወደ ዳኞቹ። ሁለት ጠረጴዛ ቀርቷቸዋል።

«ሙጫ አለሽ?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ደረቅ ነው።

የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ልጅ ሙጫ አይጠፋትም። ሰገን ቀባች፣ ሳሚራ ለጠፈች። አዲሱ ስም አሮጌውን ሸፈነው። ሳሚራ ቀና ሳትል፣ «ቅንፉ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«መጀመሪያ ያያት ሰው ስም ነው። ቤት ብትቀይርም አይቀርባትም።»

ሳሚራ ራሷን ነቀነቀችና ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ሰገን ከኋላዋ፣ ከቻርቱ ጎን ቦታዋን ያዘች። ዳኛዋ ደርሳ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሳሚራ ስለ ማማው፣ ስለ ግሪሳው፣ ስለ ሳሩ ፍሬ ስታወራ ዳኛዋ መጻፏን ትታ ታዳምጥ ጀመር።

«ግሩም ነው» አለች። «ሳይንሳዊ ስሟስ?»

ሳሚራ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ የለም። አዲሱን ስም አንድ ጊዜም አልተለማመደችውም። ዞር ብላ እንዳታነብ አፈረች። ዳኛዋ ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ከሳሚራ አንስታ ሰገን ላይ አሳረፈችና፣ «አንቺስ ታውቂዋለሽ?» በሚል ዓይነት ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

ሰገን መሬት መሬቱን አየች። ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ፣ ከሳሚራ ጆሮ በቀር የትም በማይደርስ ድምፅ «ክሪታግራ» አለች።

«ክሪታግራ!» አለች ሳሚራ ጮክ ብላ። «ክሪታግራ ትሪስትሪያታ።»

ከኋላ አግዳሚው ላይ ዛኪር ስሙን ቀስ ብለው ለራሳቸው ደገሙት።