የላንቴዋ እናትና የሪጽፋ ታሪክ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከአባያ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው በላንቴ መንደር የሙዝ ቅጠሉን ይሰነጥቅ ነበር። የደርግ መንግሥት ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ጦሩም ተበትኖ፣ ከሞት የተረፈው ወታደር እየተንጠባጠበ ወደ አገሩ ይገባ ነበር። አገርነሽ የምትባል የላንቴ መበለት አንድያ ልጅ፣ ዳና፣ ግን አልገባም፤ ከሰሜን ግንባር ወዲህ ያየው ሰውም አልተገኘም። እናቲቱ ሬሳውን ሳታይ ልጇን ለሞት እንደማትሰጥ ተናግራ፣ ለቅሶ እንዳይቀመጡላት ከለከለች፤ እሑድ እሑድ ብቻ አርባ ምንጭ ወዳለችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጥታ፣ ከኋላ ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታነጋግር ትመለስ ነበር።

በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዕድላዊት የምትባል፣ ከካምባ የመጣች ወጣት መምህርት፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በልቦለድ መልክ እየጻፈች ለምእመናን ታነብ ነበር። ለዚያ ሰንበት የመረጠችው የሳኦልን ቁባት የሪጽፋን ታሪክ ነው፤ ልጆቿ በተሰቀሉ ጊዜ ማቅ በዓለት ላይ ዘርግታ፣ ቀን ወፎችን፣ ሌሊት አራዊትን ከሬሳቸው ያራቀችውን እናት።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ አቶ ደግፌ ጽሑፉን አስቀድመው አይተው አልወደዱትም። ቃሉ በአጭሩ የተናገረውን እርሷ አርዝማ እንባ እንደጨመረችበት፣ ሰውም የእርሷን ነገር ከእግዚአብሔር ቃል ጋር እንዳያምታታ እንደሚፈሩ ነገሯት። ዕድላዊትም የመጽሐፉን ቃል አስቀድማ አንብባ፣ የራሷን ለይታ እንደምታቀርብ ቃል ገባች፤ በዚህ ፈቀዱላት።

በሰንበቱ እንደ ቃሏ አደረገች። የዓለቱን ግለት፣ የአሞሮቹን ክንፍ ድምፅ፣ ሪጽፋ ልጆቿን በየስማቸው እየጠራች ያነጋገረቻቸውን ስታነብ፣ አገርነሽ ከኋላ ተነሣች።

«ልጄ፣ ለዚያች ሴት ውሃ ያመጣላት ሰው አልነበረም?» አለች።

ዕድላዊት ንባቧን አቆመች። «መጽሐፉ አይናገርም፣ እናቴ፤ እኔም አላሰብኩትም።»

«ተነሺ፣ ይበቃሻል የሚላትማ ሞልቶ ይሆናል። አብሯት የተቀመጠ ነው የጠፋው» አለች አገርነሽ፤ ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አቶ ደግፌ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላም ከተቀመጡበት አልተነሡም። እርሳቸው ወደ አገርነሽ ቤት የሄዱት ሁልጊዜ ለቅሶ እንድትቀመጥ ለመምከር ነበርና፣ ነገሩ ልባቸውን ወጋው። በማግስቱ ዕድላዊትንና ጥቂት ሴቶችን ይዘው ላንቴ ወረዱ። አገርነሽ ከደጇ ሳታስገባቸው፣ ደግሞ ምን ሊሏት እንደመጡ ጠየቀች።

«ምንም ልንልሽ አልመጣንም፣ እህቴ» አሏት፤ «ከፈቀድሽ አብረንሽ እንቀመጣለን።»

ከሙዙ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጥላው ዞር ሲል አገርነሽ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዳና በልጅነቱ አዞ ሳይፈራ ወደ ሐይቁ እየሄደ እንዴት ያስጨንቃት እንደነበረ መናገር ጀመረች፤ ስትናገር ሳቀች፤ ከሳቋም ላይ እንባ መጣ። ከዚያ በኋላ መመላለሱን አልተዉም። የበልጉ ዝናብ ሲያባራ ራሷ ጠርታቸው፣ የልጇን ልብስ በመካከል አኑራ፣ ለቅሶውን ተቀመጠች። ዳና አልተመለሰም፤ የወደቀበትም ስፍራ አልታወቀም።

የዚያ ዘመን ታሪክ የመንግሥቱን መውደቅና የሠራዊቱን መበተን መዝግቧል፤ የላንቴን ለቅሶ የመዘገበ የለም። የሪጽፋን ነገር ከሳኦል በኋላ የነገሠው ንጉሥ ሰምቶ የሟቾቹን አጥንት አስሰብስቦ አስቀብሮ ነበር፤ የአገርነሽን የሰሙ ግን ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው።