እስከ ሦስት

በቁይ ከተማ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ መረብ ኳስ አለ። መረብ ኳስ ይባል እንጂ መረብ የሚባል ነገር የለውም፤ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ገመድ ይወጠርና ሽማግሌው ከሕፃኑ ጋር ይሰለፋል። ኳሷን መምታት ግድ አይደለም፤ ቀልቦ በገመዱ ላይ መወርወር ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ኳስ የያዘ ሰው ሦስት ሳይቆጠር መልቀቅ አለበት። ቆጣሪው ደግሞ ሜዳ ሙሉ ሰው ነው።

ትሕትና ያቺን ቆጠራ ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቃለች። ከገመዱ ማዶ የሚቆመው ዲያቆን ምናለ ለሌላው ሲወረውር አይራራም፤ ለእሷ ሲሆን ግን በሁለት እጁ ከታች አንስቶ፣ እንቁላል እንደሚያቀብል ሰው ነው። ቀልባ ኳሷን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። «አንድ!» ይላል ሰው። ታየዋለች። «ሁለት!» ያያታል። ሰው በሞላበት ሜዳ የነበራቸው ጊዜ ይኸው ነበር።

አንድ እሑድ ሰው ሲበተን ገመዱን ሊፈቱ ሁለቱ ቀሩ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

የትሕትና እጅ ቋጠሮው ላይ ቀረ። በዐሥራ አራት ዓመቷ ተድራ፣ በዓመቱ ፈትታ የተመለሰች ናት። ፈት ያገባ ዲያቆን ደግሞ ቅስና የለውም፤ ድቁናውም ይፈርሳል። የምናለ አባት ቄስ ገብረ ኪዳን ዓይናቸው ደክሟል፤ መቅደሱን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ቀን ይቆጥራሉ።

«አባትህስ?»

«ይቆጣሉ፤ በኋላ ይበርድላቸዋል።»

«አንተስ? የቅዳሴ ደወል ሲደወል አጠገቤ ተኝተህ ስትገላበጥ እኔ ምን ልበልህ?»

ዓይኑን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰ። የጎዳት ያ ነው። ወዲያው «አልገላበጥም» ቢላት ኖሮ እሺ ትለው ነበር።

«ትሕትና፣ እባክሽ እሺ በይኝ።»

«ስዳር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለች። «አንተ ጠየቅኸኝ። እሱ ይበቃኛል።»

ገመዱን ጠቅልላ ሰጠችው። ቤቷ እስክትደርስ አላለቀሰችም።

በዓመቱ ቄስ ምናለ ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ሜዳው ዳር ቆመ። አዲሷ ባለቤቱ ወንጌላዊት ጨዋታውን ልትሞክር፣ ድሮ እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ገብታለች። ኳሷ ትሕትና እጅ ገባች።

«አንድ!»

ወደ ሜዳው ዳር አየች። ምናለ አቀርቅሯል።

«ሁለት!»

ሙሽራዋ እጇን ዘርግታ በፍርሃት ትጠብቃለች። እሷ ምን አጠፋች? ትሕትና ኳሷን በሁለት እጇ ከታች አነሳችና ቀስ አድርጋ አቀበለቻት።

«ያዝኳት!» ብላ ወንጌላዊት እየሳቀች ወደ ባሏ ዞረች።

ምናለ ያቺን አወራወር ያውቃታል። ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። ሰዉ እንደገና «አንድ!» አለ።